አርፒጂህ ጃቫዬን አናገራት

ሐሙስ፣ ከሰዓት በኋላ
ከማሽኑ ክፍል፣ ወንበርህ ላይ ተቀምጬ

ለምወድህና ስልክ ለማትሰማው አባቴ፣

ሠራ! አባዬ፣ ሠራ!

ሰላምታውን በኋላ አደርስልሃለሁ፣ ጤናህንም በኋላ እጠይቅሃለሁ፤ መጀመሪያ ይቺን ልንገርህ። ያንተ አርፒጂ፣ ያ ዕድሜህን ሙሉ የጻፍክበት የኮምፒውተር ቋንቋ፣ የኔን ቋንቋ ጃቫን ጠራት፣ እሷም መለሰችለት። አንዴ አይደለም። ጠዋት የመድኃኒት መጋዘኑ ሲከፈት ጀምረው የመጨረሻው መኪና ከግቢ እስኪወጣ ድረስ ሳይኮራረፉ አብረው ዋሉ። መኪናው አሁን መውጣቱ ነው፣ ሻይ እንኳ አልጠጣሁም፤ በጥድፊያ ነው የምጽፍልህ። ጽሑፌ ካላማረህ ምክንያቱ እሱ ነው። "ድሮስ መቼ ያምር ነበር" ብትለኝም ምንም አይመስለኝም፤ ዛሬ ማንም ሊያናድደኝ አይችልም።

ልደውልልህ ስልኩን አንስቼ ነበር። ግን የኛ ነገር ይታወቃል። እኔ እጮሃለሁ፣ አንተ "ምን?" ትላለህ፣ እኔ ደግሜ እጮሃለሁ፣ ከዚያ አክስቴ ስልኩን ትቀማህና "ምን ሆናችሁ ነው፣ ጎረቤት ሰማ እኮ!" ብላ ሁለታችንንም ትቆጣለች። ደግሞ ይህ ወሬ በጩኸት የሚነገር አይደለም። መነጽርህን ጠርገህ፣ አልጋ ላይ ሳይሆን ወንበር ላይ ተቀምጠህ፣ ደጋግመህ እንድታነበው ነው የምፈልገው።

አዎ፣ አልጋ ላይ እንደምትውል ሰምቻለሁ። አክስቴ አንድም ሳታስቀር ነግራኛለች። ጺምህን መላጨት ትተሃል አሉ። በረንዳ ላይ እንኳ አትወጣም አሉ። ሾርባ ስታቀርብልህ ማንኪያውን ሳታነሳ "በቃኝ" ትላለህ አሉ። አባዬ፣ ያልጀመሩት ነገር እንዴት ብሎ ይበቃል? ይህን ሁሉ እያወቅኩ ሳልጽፍልህ የቆየሁት ጨክኜ አይደለም። ባዶ እጄን ልጽፍልህ አልፈለግኩም። "አይዞህ" ብቻ የሚል ወረቀት ቢደርስህ አጥፈህ ትራስህ ሥር ነበር የምትከተው። እኔ የፈለግኩት ከአልጋ የሚያስነሳህ ወሬ ይዤ መምጣት ነው። ይኸው ይዣለሁ።

የሄድክበት ቀን ከዓይኔ አይጠፋም። ጡረታ ከወጣህ በኋላም ለመጋዘኑ የጻፍከውን ፕሮግራም እንደ ታመመ ዘመድ በየሳምንቱ እየመጣህ ትጠይቀው ነበር። የዚያን ቀን ሥራ አስኪያጁ ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስቦ "አሮጌውን ኮምፒውተር ከነፕሮግራሙ ነቅለን በአዲስ እንተካዋለን" ሲል አንተም ከኋላ ቆመህ ነበር። ሌላውን ሁሉ የማይሰማው ጆሮህ ያችን ብቻ ጥርት አድርጎ ሰማት። ኮትህን ለብሰህ ወጣህ፤ በማግስቱ "ሲነቅሉት አላይም" ብለህ ሻንጣህን ይዘህ እህትህ ቤት ሄድክ። ከሄድክ በኋላ ማሽኑ ላይ "የሚወገድ" የሚል ቀይ ወረቀት ለጠፉበት። ይህን እስከ ዛሬ ደብቄህ ነበር።

ለምን ሊነቅሉት እንደፈለጉ ግን የዚያን ቀን ቆመህ አልሰማህም፣ ስለዚህ እኔ ላስረዳህ። ሐሰተኛ መድኃኒት ስለበዛ ሆስፒታሎቹ አዲስ ደንብ አወጡ። አሁን እያንዳንዱ የመድኃኒት ካርቶን ላይ ጥቁርና ነጭ ነጠብጣብ የሞላባት አራት ማዕዘን ኮድ ትታተማለች። መጋዘናችን ካርቶኑን ከመላኩ በፊት ኮዷ እውነተኛ መሆኗን ማረጋገጥ አለበት፤ ያልተረጋገጠ ካርቶን ከሆስፒታል በር ይመለሳል። ማረጋገጫው ከባድ ስሌት ነው። ጃቫ ውስጥ ግን ለዚህ የተዘጋጀ መሣሪያ አለ፤ እሱን ይዤ ሥራውን የምትሠራ አንዲት ሜተድ ጻፍኩ። ሜተድ ያው አንተ ሳብሩቲን የምትላት ዓይነት ናት፤ ኮዱን ስትሰጣት "እውነት" ወይም "ሐሰት" ብላ የምትመልስልህ ትንሽ የሥራ ቁራጭ።

የሥራ አስኪያጁ ሐሳብ እንግዲህ "የአባትሽ ፕሮግራም ይህን ማረጋገጥ አይችልም፤ ስለዚህ ሁሉንም ጥለን ከአዲስ እንጀምር" የሚል ነበር። አዲሱን ሊሸጡልን የመጡት ሰዎች ስክሪናቸው ሲያምር! አልዋሽህም፣ የኔም ዓይን እዚያው ቀርቶ ነበር። "እስቲ ከወንዝ ማዶ ላለው ክሊኒክ አንድ ጭነት አውጡልኝ" አልኳቸው። አወጡ። ጊዜው ሊያልፍ ጥቂት የቀረውን ኢንሱሊን አወጡለት! ያንተ ፕሮግራም እኮ ዝናብ ሲመጣ ያ መንገድ እንደሚዘጋ ያውቃል፤ ለእነሱ ሁልጊዜ ረጅም ጊዜ የሚቆየውን፣ ያውም ዝናቡ ሳይገባ ነው የሚመድብላቸው። እዚያ ያሉት የስኳር ሕመምተኞች መንገዱ ሲዘጋ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ታቅፈው ሊቀመጡ ነው? ሰዎቹ "ወደፊት እናስተካክለዋለን" አሉኝ። ወደፊት መቼ እንደሆነ አልነገሩኝም።

ወጥቼ ወደ ሥራ አስኪያጁ ሄድኩና "ማሽኑ አይነቀል፤ አርፒጂው ጃቫዋን ጠርቶ ይጠይቃት፣ እሷ መልሱን ትስጠው፣ ሌላውን ሁሉ እሱ እንደ ድሮው ይሥራ" አልኩት። ሳቀብኝ። "የአባትና የልጅ ነገር አንድ ላይ?" አለ። "አንድ ቀን ይስጡኝ፤ ሙሉ የሥራ ቀን ሳይቆም ከዋለ ይቆያል፣ ከቆመ ይነቀል" አልኩት። ተስማማ። የደነገጥኩት ከአፌ ካወጣሁት በኋላ ነው። ያንተን የዕድሜ ልክ ሥራ ያለ ፈቃድህ ቁማር ላይ አስይዤዋለሁ እኮ!

እራት ላይ የምንከራከረውን ታስታውሳለህ? አንተ ጃቫን "ወሬኛ" ትላት ነበር፤ "ውኃ ስጡኝ ለማለት ዘሯን ትቆጥራለች" እያልክ። እኔ ደግሞ አርፒጂህን "ወታደሩ" እለው ነበር፤ ፊደል ሁሉ በተመደበለት ዓምድ ካልተሰለፈ የማያሳልፍ። እማዬ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ "እነዚህ ሁለቱ ቢጋቡ ጥሩ ልጅ ይወጣቸው ነበር" ብላ ሳህኑን ታነሳ ነበር። ባለፉት ሳምንታት ስሠራ የቆየሁት እንግዲህ ይህንኑ ማጋባት ነው። በነገርህ ላይ ሁለቱም እልኸኞች ናቸው።

መጀመሪያ ማስተዋወቅ ነበረብኝ። አርፒጂው ውስጥ "እንዲህ የምትባል የጃቫ ክላስ አለች፤ በውስጧ እንዲህ የምትባል ሜተድ አለች፤ ይህን ትቀበላለች፣ ይህን ትመልሳለች" ብዬ ጻፍኩለት። አስኬድኩት። "እንዲህ የምትባል ክላስ አላውቅም" አለኝ። የተቀመጠችበትን ፎልደር አድራሻ ሰጠሁት። "አላውቅም።" አድራሻውን አረምኩለት። "አላውቅም።" ፊደሉን አንድ በአንድ በጣቴ እየነካሁ ስቆጥር ሥራ አስኪያጁ በበሩ ብቅ ብሎ "እንዴት እየሄደልሽ ነው?" አለኝ፤ "በጣም ጥሩ!" አልኩት፣ ጥርሴን ነክሼ።

በመጨረሻ ተስፋ ቆርጬ ሁሉንም ዘግቼ ቦርሳዬን አነሳሁ። በሩ ጋ ስደርስ ምን እንደነካኝ እንጃ ተመለስኩ፣ እንደገና ገባሁና ያንኑ ነገር ሳልነካካው አስኬድኩት። አወቃት! ለካ ጃቫ አንዴ ከነቃች በኋላ አድራሻ ቢነግሯት አትሰማም። ገና ስትነቃ የነገሯትን ብቻ ነው የምትይዘው፤ ወጥተህ እንደ አዲስ ካልገባህ በቀር ቀኑን ሙሉ ብትለምናት ንቅንቅ አትልም። ማንን እንደምትመስል አልናገርም፣ አክስቴ ትነግርሃለች።

ይህ አልፎ ደስ አለኝ ስል ደግሞ ካርቶኑን ሁሉ "ሐሰት" ማለት ጀመረች። አንዱንም ሳትምር! አንተ ጡሩምባ ብለህ ስም ያወጣህለት የመጋዘኑ ኃላፊ፣ ያ ሳይደግምልህ የምትሰማው ብቸኛ ሰው፣ ስካነሩን እንደያዘ መጥቶ "ልጄ፣ እንግዲህ ዕድሜዬን ሙሉ ስጭን የኖርኩት ፎርጅድ ነው ማለት ነው?" ብሎ ራሱን ይዞ ቁጭ አለ። ጥፋቱ የመድኃኒቱ አልነበረም። አርፒጂ ለሁሉም ነገር ቦታ ለክቶ ይመድባል አይደል? ኮዷ ከቦታዋ ካጠረች የተረፈውን በባዶ ይሞላዋል። ለእሱ ባዶው ምንም አይደለም። ለጃቫ ግን ባዶውም ፊደል ነው፤ ከኮዷ ጋር ደምራ ታሰላዋለች፣ ስሌቱም ገደል ይገባል። ያን ትርፍ ጭራ ቆርጬ ስሰጣት ወዲያው "እውነት" አለች። ጡሩምባ ከተቀመጠበት ሳይነሳ "ተመስገን!" ሲል ዘበኛው በር ላይ ሆኖ "አሜን" አለው።

የመጀመሪያው ሙከራ ማክሰኞ ነበር። ጠዋት እንዴት እንዳማረ ብታይ! ጡሩምባ ካርቶኑን በስካነር ነካ ያደርጋል፣ ያንተ ፕሮግራም ይጠይቃል፣ የኔዋ "እውነት" ትላለች፣ አረንጓዴ መስመር ይወጣል፣ ካርቶኑ ወደ መኪና። ዓይን እስኪጨፈን አይፈጅም። እኔ ድግስ እንዳለባት እናት ወዲያ ወዲህ እል ነበር። ረፋዱ ላይ ትንሽ ዘገየ። "ምንም አይደል" አልኩ። ወደ ምሳ ሰዓት ሲጠጋ ጡሩምባ ካርቶን ነክቶ መልሱን እስኪያገኝ ድረስ ላቡን በመሐረብ መጥረግና መሐረቡን መልሶ ማጠፍ ቻለ። ከዚያ ጭራሹን ቆመ። ስክሪኑ ደረቀ። ውጪ የተሰለፉት መኪኖች ክላክስ ያደርጉ ጀመር፤ አንዱ ሾፌር ወርዶ "ምንድነው፣ እንግፋላችሁ እንዴ?" ሲል መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ሥራ አስኪያጁ መጣ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ቀዩን ወረቀት አየት አደረገና "ሞክረሻል፣ ማንም ምንም ሊልሽ አይችልም። አሁን ግን ይብቃ" አለኝ። በዚያች ሰዓት ዓይኔ ላይ የመጣው ማሽኑ አይደለም። አንተ ነህ፣ ፊትህን ወደ ግድግዳ አዙረህ እንደተኛህ። እንባዬ መጣ።

ይሄኔ ጡሩምባ "ቆይ እንጂ ጌታዬ!" አለ፣ መስታወቱ እስኪንቀጠቀጥ። "ግማሽ ቀን ያስኬደች ልጅ ሙሉ ቀን ማስኬድ ያቅታታል? ሐሙስን ይስጧት። ሐሙስም ከቆመ እኔ ራሴ ተሸክሜ አወጣዋለሁ፣ ሰው መቅጠር አያስፈልግዎትም!" ሥራ አስኪያጁ አንድ ጆሮውን በእጁ ሸፍኖ "እሺ፣ እሺ፣ ሐሙስ። ከዚያ በኋላ ግን ልመና የለም" ብሎ ወጣ። እሺ ያለው በነገሩ ይሁን በጩኸቱ እስካሁን አላወቅኩም።

ረቡዕን ወንበርህ ላይ ዋልኩ። የማሽኑ ሜሞሪ እየሞላ እንደሚሄድ በቶሎ ገባኝ፤ አንድ ካርቶን ባለፈ ቁጥር ትንሽ ይወጣል፣ አንዴም አይወርድም። ምን እንደሚሞላው ግን አላወቅኩም። ጃቫዬን ከላይ እስከ ታች አገላበጥኳት፣ ምንም የለባትም። ዓይኔ ሲደክም ያንተን ፕሮግራም ማንበብ ጀመርኩ። ስህተት ልፈልግበት አይደለም። ናፍቀኸኝ ነው።

እንዴት ያለህ ሰው ነህ አባዬ! ፋይል ከከፈትክ ትዘጋለህ። የቆለፍከውን ትፈታለህ። አንዱ ሥራ ሲያልቅ የተወሰደው ሁሉ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ሰው በማያይበት ቦታ እንኳ አንድም አልዘለልክም። እያነበብኩ ሳቄ መጣ፣ ቤታችን ትዝ ብሎኝ። ልጅ ሆኜ መቀሱን ምንጣፍ ላይ ትቼው ስነሳ "መልሺው! በዚህ ቤት ከኋላሽ እየዞረ የሚሰበስብልሽ የለም" ትለኝ ነበር። ነበረ እንጂ! እማዬ ነበረች። አንተ ፊትህን ስታዞር መቀሱንም፣ ጫማዬንም፣ ደብተሬንም ቀስ ብላ ታነሳልኝ ነበር። እሷም እኔም አንነግርህም ነበር።

እዚያ ላይ ሳቄ ቆመና ከወንበሩ ብድግ አልኩ።

ጃቫም እንደዚያው ናት! የሠራኸውን ነገር ተጠቅመህበት ብትተወው ከኋላህ እየዞረች የምታነሳ የራሷ አጽጂ አለቻት። ስለዚህ በጃቫ ያደግን ሰዎች መተው እንጂ መመለስ አልለመድንም። አሁን ግን ዕቃውን የያዘው ጃቫ ብቻ አይደለም፤ አርፒጂም ይዞታል። ለእያንዳንዱ ካርቶን ኮዷን ወደ ጃቫ ጽሑፍ እለውጥና ለአርፒጂው አስይዘዋለሁ። እሱ ደግሞ "ልቀቅ" እስካላሉት ድረስ የያዘውን አይለቅም፤ አጽጂዋም ከሰው እጅ ነጥቃ አትጥልም። ማክሰኞ ከጠዋት ጀምሮ ያለፈው ካርቶን ሁሉ ኮድ በእጁ ነበር! ምስኪን፣ ተሸክሞ ተሸክሞ ነው ምሳ ሰዓት ላይ የወደቀው። ይህን ሥራ አንተ ብትሠራው ኖሮ አትሳሳትም ነበር፣ የወሰድከውን ሁሉ የምትመልስ የአርፒጂ ሰው ስለሆንክ። ጃቫ ብቻ ሲሠራ የኖረ ሰው ደግሞ ስህተት መሆኑም አይታየውም።

ማስተካከያው ጥቂት መስመር ነበር። ካርቶኑ ሳይጀመር "ከዚህ በኋላ የምትይዘውን ሁሉ ለብቻው ያዝ" ይባላል፤ ካርቶኑ ሲያልቅ "ሁሉንም ልቀቅ"። ጻፍኩት፣ አስኬድኩት፣ ዓይኔን ሜሞሪው ላይ ተከልኩ። ወጣ። ወረደ! ደግሞ ወጣ፣ ደግሞ ወረደ! ምን ያህል እንደጮህኩ እንጃ፤ ጡሩምባ ከመጋዘኑ ማዶ "ምን ሆነች?" እያለ ሮጦ መጣ። እሱን በድምፅ የበለጠ ሰው ከዚህ በፊት አልነበረም ይላሉ።

ዛሬ ደግሞ የሆነውን ስማ። ረፋዱ ላይ አልዘገየም። ምሳ ሰዓት ሲቃረብ ሥራ አስኪያጁ ራሱ ወርዶ እጁን ኪሱ ከቶ መጋዘኑ በር ላይ ቆመ። ምሳ የሄደ የለም። ጡሩምባ እንኳ በሹክሹክታ ነበር የሚያወራው፤ ማንም አያምንህም፣ እኔ ግን በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። ማክሰኞ የቆመባት ሰዓት ደረሰች፣ አለፈች። አረንጓዴው መስመር እንደ ጠዋቱ ነው የሚወጣው። ያ የማክሰኞው ሾፌር ሞተሩን አስነስቶ ሲወጣ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ "ዛሬስ መግፋት አላስፈለገም!" አለኝ፤ ስቄ አላባራሁም።

የመጨረሻው መኪና ከወንዝ ማዶ ወዳለው ክሊኒክ የሚሄደው ነበር። ኢንሱሊኑ በማቀዝቀዣ ሳጥን ተጫነ፤ ረጅም ጊዜ የሚቆየው፣ ልክ አንተ እንደመደብክላቸው። የመጨረሻው ካርቶን ተነካ፣ "እውነት" አለች፣ መኪናው ወጣ፣ የግቢው በር ተዘጋ። ከዚያ ጡሩምባ ማሽኑ ክፍል ዘው ብሎ ገባና ቀዩን ወረቀት ቦጭቆ ጥግ ላይ ያለው መዞር ያቆመ አሮጌ ቬንትሌተር ላይ ለጠፈው። ሥራ አስኪያጁ ከልቡ ሲስቅ አይቼው አላውቅም፤ ዛሬ ሳቀ። "ማሽኑ ይቆያል" አለኝ። "ለአባትሽ ንገሪያቸው። ይቆያል ያለው ሥራ አስኪያጁ ራሱ ነው በያቸው፣ ያኔ ከኋላ ቆመው አይቻቸው ነበር።"

ነገርኩህ እንግዲህ። አልተነቀለም! አይነቀልም! ይኸው መብራቱ ከፊቴ ብልጭ ብልጭ ይላል፤ የማሽኑ ማራገቢያ ያው እንደ ድሮው ያጉረመርማል። ጡሩምባ አሁን ጀርባዬ ላይ ቆሞ "ይህንንም ጻፊለት" እያለ ያስቸግረኛል። "በለው፣ ሰውዬ፣ ማሽኑ ደህና ነው፣ አንተ ነህ የጎደልከው፤ ሾርባውን ጠጣ!" ይልሃል። ወረቀት ላይ የማይጮህ መስሎህ እንዳትሳሳት፣ አጠገቤ ሆኖ ሲለው ጆሮዬ ጭው ብሏል።

ቤቱ ደህና ነው። የኩሽናው ቧንቧ ይንጠባጠባል። ጠጋኝ ጠርቼ ነበር፤ አንተ የገጠምክበትን ነገር ከሥርም ከላይም አየና "ይህን የሠራው ሰው ራሱ ይምጣ" ብሎኝ ሄደ። ክፍልህን አልነካሁትም፣ መስኮቱን ብቻ እከፍተዋለሁ። ከሥራ ስገባ መጀመሪያ ሬዲዮህን እከፍታለሁ፤ አንተ በምትከፍትበት ድምፅ ልክ፣ ጎረቤታችን ግድግዳውን እስክትደበድብ ድረስ። ሬዲዮ እንደማልወድ ታውቃለህ። ምን እንደሚያወራም አላዳምጥም።

ኧረ ዋናውን ረሳሁት! አንድ የቸገረኝ ነገር አለ። መድኃኒቱ ለየትኛው ሆስፒታል ቀድሞ እንደሚወጣ የምትወስንበት ቦታ አለ አይደል? እሱ ምንም ሊገባኝ አልቻለም። ወዲያ ሳየው ወዲህ ይመራኛል። ያለ አንተ ልነካው አልደፍርም፤ ሥራ አስኪያጁም "እሳቸው ሳይመጡ እንዳይነካ" ብሏል። ስለዚህ መምጣት አለብህ። ከአክስቴ ጋር ጨርሰናል። ደብዳቤውን ነገ በእናንተ በኩል በሚያልፈው ሾፌራችን ነው የምልከው። ጺምህን ትላጫለህ፣ ሾርባውን ትጨርሳለህ፣ እሑድ ጠዋት አክስቴ አውቶቡስ ላይ ታስቀምጥሃለች፤ እኔ መናኸሪያው በር ላይ ቆሜ እጠብቅሃለሁ። የሥራ ጉዳይ ስለሆነ እምቢ ማለት አትችልም።

አሁን ሰላምታው፦ እንዴት ነህ የኔ አባት? ጉልበትህስ? እንቅልፍስ ይወስድሃል? አክስቴን አጥብቀህ እቀፍልኝ፣ ያስቸገርካትንም ይቅርታ ጠይቅልኝ። ፈጣሪ ብርታትህን ይመልስልህ፣ መንገዱን የሰላም ያድርግልህ፣ ለኔ ስትል ዕድሜህን ያርዝመው።

ልጅህ

ወረቀቱን አጥፌ ፖስታው ውስጥ ከከተትኩ በኋላ መልሼ አወጣሁት። አባዬ፣ ከላይ ዋሸሁህ። ያን ቦታ አንብቤ ከጨረስኩ ቆይቻለሁ። ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው ገብቶኛል፤ ልጅ እንኳ እንዲገባው አድርገህ ነው የጻፍከው። ሥራ አስኪያጁም ስለ እሱ ምንም አላለም። ፕሮግራሙ ያለ አንተ ይሠራል። ያለ አንተ ያልቻልኩት እኔ ነኝ።

እሑድ ና።